አካውንቱ ሲዘጋ ልጁም አብሮ እንዳይዘጋ፦ አውስትራሊያ ለሚኖሩ ወላጆች ዝርዝር መመሪያ

ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 (ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.) ጀምሮ አውስትራሊያ ውስጥ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ በዋና ዋናዎቹ የማኅበራዊ ሚዲያ መድረኮች ላይ አካውንት እንዲይዝ አይፈቀድም። ብዙ ወላጅ ወሬውን ሲሰማ «ተገላገልን» አለ። ቤት ውስጥ የመጣው ግን ሌላ ነው፤ ክፍሉን ዘግቶ የሚውል ልጅ፣ በእናቱ ስልክ ተደብቃ የምትገባ ልጅ፣ በውሸት ዕድሜ የተከፈተ ሁለተኛ አካውንት።

አብዛኛው ቤት የሚሰናከለው ሕጉን እንደ ዱላ ሲይዘው ነው። ሕጉ አካውንቱን ይወስዳል፤ አካውንቱ ለልጁ ይሠራለት የነበረውን ሥራ ግን አይሠራለትም። ያ ለእናንተ ይቀራል። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ በተለይ ደረጃ 1 እና 2ን ዘልላችሁ ወደ 4 አትሩጡ።

ልጁ ራሱን ሊጎዳ ይችላል የሚል ስጋት ዛሬ ካላችሁ ሌላውን ትታችሁ በቀጥታ ወደ ደረጃ 7 ውረዱ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሕጉን በትክክል ያዙት

ልጁ ሕጉን ከእናንተ የተሻለ ያውቀዋል። አንድ ነገር ከተሳሳታችሁ የቀረውንም አይሰማችሁም።

- ሲጀመር በዝርዝሩ የገቡት ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ትሬድስ፣ ቲክቶክ፣ ስናፕቻት፣ ዩቲዩብ፣ ኤክስ፣ ሬዲት፣ ኪክ (Kick) እና ትዊች ናቸው። ዝርዝሩ ሊጨመርበት ስለሚችል የኢሴፍቲ ኮሚሽነሩን (ሕጉን የሚያስፈጽመውን የመንግሥት የኢንተርኔት ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ አልፎ አልፎ እዩ።
- ዋትሳፕ፣ ሜሴንጀር፣ ዲስኮርድ፣ ሮብሎክስ፣ ዩቲዩብ ኪድስና ጉግል ክላስሩም ሲጀመር አልተካተቱም።
- ቅጣቱ (እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር) የኩባንያው ነው። ልጅም ወላጅም አይቀጣም። «ፖሊስ ይመጣብሃል» አትበሉ፤ ውሸት ነው፤ ጉዳቱንም ደረጃ 6 ላይ ታዩታላችሁ።
- የወላጅ ፈቃድ አይሠራም። «እኔ ፈቅጃለሁ» ብሎ አካውንት ማስከፈት አይቻልም።
- ዩቲዩብን አካውንት ሳይገቡ ማየት ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይዘናጋል፦ በልጁ አካውንት ላይ ያደረጋችሁት የወላጅ ቁጥጥር አካውንቱ ሲወጣ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ልጁ በሚያይበት በእያንዳንዱ መሣሪያ ሬስትሪክትድ ሞድን (ለልጅ የማይሆነውን የሚያጣራውን ቅንብር) እንደገና አብሩ። ሳሎን ያለውን ቴሌቪዥን አትርሱ።

ደረጃ 1፦ አንድ ሳምንት ዝም ብላችሁ እዩ

ወረቀት ያዙና አራት ርእስ ጻፉ፦ ጓደኛ፣ መዝናኛ፣ መማሪያ፣ መሸሻ። ለ7 ቀን ልጁ ስልኩን ያነሳበትን ወይም «አጣሁት» ያለውን ከአራቱ በአንዱ ሥር መዝግቡ። ልጅቷ ሹሩባ አሠራር የምታየው ከቲክቶክ ከነበረ መማሪያ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሳይናገር በቀጥታ ስልክ ውስጥ ይገባ ከነበረ መሸሻ ነው፤ መጠየቅ ያለበት «ከምን ነው የሚሸሸው?» ነው።

በዚህ ሳምንት ምንም አትከልክሉ፣ ምንም አትምከሩ። የሚከብደው ይህ ነው።

በዚያው ወረቀት ጀርባ የራሳችሁን ጻፉ። እናት እስከ እኩለ ሌሊት ቲክቶክ ላይቭ እያየች፣ አባት ምሳ ላይ ፌስቡክ እያነበበ ለልጅ የሚሰጠው ምክር ከጆሮ አያልፍም።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያው ንግግር

*ቦታና ሰዓት።* መኪና ውስጥ ወይም ዕቃ እያጠባችሁ፤ ፊት ለፊት ሳትተያዩ ይሻላል። ከ15 ደቂቃ አታስበልጡ። ታናናሾቹ ባሉበት፣ እንግዳ በተቀመጠበት ወይም ጭቅጭቅ በበረደ በአንድ ሰዓት ውስጥ አትጀምሩ።

*የምትሉት።* አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ስናፕሽ እንደተዘጋ አየሁ። ከሁሉ የጎደለሽ ምንድን ነው?» ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ሲረዝም ለመሙላት አትቸኩሉ፤ እስከ አሥር ቁጠሩ።

*የማትሉት።* «እኛ በናንተ ዕድሜ ስልክ መች ነበረን»፣ «ድሮም ብዬሽ ነበር»፣ «ይሄ ደግሞ ያስለቅሳል?»። ከሁሉ የከፋው «አገር ቤት እልክሃለሁ» ነው። ለእናንተ የቁጣ አነጋገር ነው፤ ልጁ ግን ከምር ይሰማዋል፣ ማታም እያሰበው ይተኛል።

*ቋንቋ።* የልጁ አማርኛ «እንጀራ አቀብለኝ» ለማለት ይበቃል፤ ውስጡ ያለውን ለመናገር ግን ላይበቃው ይችላል። በእንግሊዝኛ ይናገር። ያልገባችሁን ቃል «እሱ ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እሱ ሲያስረዳችሁ ለራሱም ግልጽ ይሆንለታል።

*መልሱ «አይም ፋይን» ከሆነ።* ይሆናልም። «እሺ፤ ሐሙስ ከኳስ ስንመለስ እንደገና እጠይቅሻለሁ» በሉና ተዉት። ሐሙስ የእውነት ጠይቁ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ የሚከፈት ልጅ ብዙ ነው፤ ሁለተኛ ሳይጠይቅ የቀረ ወላጅም ብዙ ነው።

*ካለቀሰ ወይም ከጮኸ።* መፍትሔ አታምጡ። «የ400 ቀን ስትሪክ ነው የጠፋብኝ» ቢል አትሳቁ። ለእናንተ ቁጥር ነው፤ ለእሱ ከጓደኛው ጋር በየቀኑ የተገናኘበት 400 ቀን ነው።

ደረጃ 3፦ ከመዘጋቱ በፊት የሚወጣውን አውጡ

አካውንቱ ገና ካልተዘጋ ይህን ከልጁ ጋር ተቀምጣችሁ ዛሬ ጨርሱት። የሰዎቹን ስልክ ቁጥር ሳይዙ መዘጋት ልጁን ከሁሉም በአንድ ቀን ይቆርጠዋል።

1. ሊያጣቸው የማይፈልጋቸውን ከ5 እስከ 10 ሰዎች ስም ራሱ ይጻፍ። በአካል የሚያውቃቸው ይቅደሙ።
2. የእያንዳንዱን ስልክ ቁጥር ይጠይቅ። ዋትሳፕ ከሌላቸው ተራ የስልክ መልእክት ይበቃል።
3. ፎቶና ቪዲዮውን ያውርድ። በቅንብሮቹ ውስጥ መረጃን ለማውረድ የሚያስችል ክፍል አለ፤ ስናፕቻት ላይ «ማይ ዳታ» ይባላል። ፋይሉ እስኪዘጋጅ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ስለሚወስድ ማታ ጠይቃችሁ ጠዋት አትጠብቁት።
4. የትምህርት ቤቱ ወይም የኳስ ቡድኑ ማስታወቂያ በኢንስታግራም ብቻ ይወጣ ከነበረ አሠልጣኙን «በኢሜይል ወይም በትምህርት ቤቱ መተግበሪያ ላኩልን» በሉት።

*የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጃችሁ በስሕተት ከተዘጋበት፦* ኩባንያው የመንግሥት መታወቂያ ብቻ ካላመጣችሁ ብሎ ማስገደድ አይችልም፤ ሌላ ማረጋገጫም ማቅረብ አለበት። ፓስፖርት ፎቶ አንሥታችሁ ከመላካችሁ በፊት የቀረቡትን አማራጮች ሁሉ እዩ። ጥያቄው የመጣው በመተግበሪያው ውስጥ ሳይሆን በኢሜይል ወይም በጽሑፍ መልእክት ሊንክ ከሆነ አትንኩት። ይህን ሰበብ አድርገው መታወቂያ የሚለቅሙ አጭበርባሪዎች አሉ።

ደረጃ 4፦ የጎደለውን በዓይነቱ ተኩ

የደረጃ 1ን ወረቀት አውጡ። ደንቡ አንድ ነው፦ ጓደኛ የጎደለውን በመጽሐፍ፣ መሸሻ የጎደለውን በቤት ሥራ አትተኩ።

*ጓደኛ ከሆነ።* በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከእኩያ ጋር በአካል መገናኛ ያስፈልጋል፤ ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ ይሁን። «ጓደኞችህን ጥራ» ማለት አይበቃም። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከ8 እስከ 11 ሰዓት፣ ማን እንደሚያደርሰው፣ ማን እንደሚመልሰው ተነጋገሩ። የእኛ ቤት ችግር ብዙ ጊዜ ይሉኝታ ነው፤ «ቤቱ አልተስተካከለም»፣ «ምን እናቀርብላቸዋለን» እየተባለ የልጁ ጓደኛ ደጃፍ ሳይረግጥ ዓመት ያልፋል። ፒዛ ይበቃል። ሳሎኑን ልቀቁላቸውና ኩሽና ሁኑ።

ልጁ በክፍሉ ብቸኛው ሐበሻ ከሆነ ወይም ከከተማ ርቃችሁ የምትኖሩ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል፤ የሚመስሉትን ልጆች ያገኝ የነበረው ኢንተርኔት ላይ ነው። እዚህ በሌላ ስቴት ካሉ የአክስት የአጎት ልጆች ጋር የዋትሳፕ ግሩፕ ይከፈት፤ ትልልቆቹ ግን አይግቡበት። አክስቶች የገቡበት ግሩፕ በሁለተኛው ቀን የ«እንኳን አደረሳችሁ» ምስል መለዋወጫ ይሆናል፣ ልጆቹም ይወጣሉ።

ሰንበት ትምህርት ቤት፣ መስጊድ፣ የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ጥሩ ናቸው፤ ግን «እዚያ ማንን ማግኘት ደስ ይልሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ስም ካልጠራ የምትልኩት ለትምህርት ነው፤ ጓደኛው ገና አልተተካም።

*መዝናኛ ከሆነ።* በየቀኑ 60 ደቂቃ የሚያስተነፍስ እንቅስቃሴ ለዚህ ዕድሜ የሚመከረው ልክ ነው። ኳስ የማይወድ ልጅ ኳስ ሜዳ አትጣሉት፤ ውዝዋዜም፣ ዋናም፣ ብስክሌትም ይሆናል። ብዙዎቹ ስቴቶች የልጆች ስፖርት ክፍያን የሚደጉሙበት ቫውቸር ስላላቸው ከመክፈላችሁ በፊት ክለቡን ጠይቁ።

*መማሪያ ከሆነ።* ይህ ቀላሉ ነው። ቪዲዮውን ሳሎን ቴሌቪዥን ላይ አብራችሁ እዩት፤ ሹሩባውን ወይም ጊታሩን የሚያውቅ ሰው ፈልጉ።

*መሸሻ ከሆነ።* መተካት አትጀምሩ። ትምህርት ቤት ውስጥ ጉልበተኛ ሊኖር ይችላል፤ ወይም በቤት ውስጥ ያለው ጭቅጭቅ ይሆናል። የትምህርት ቤቱን ዌልቢይንግ (የተማሪዎች ደኅንነት) ኃላፊ አግኙ፤ ከጥሪው በፊት «የአማርኛ አስተርጓሚ ያዙልኝ» በሉ።

*ምን ይበላሻል?* ልጁ ወደ ሌላ መተግበሪያ ይፈልሳል። እገዳው ሲጀመር ሌመንኤይትና ዮፕ ያወረዱ ልጆች ብዙ ነበሩ። ሮብሎክስና ዲስኮርድ ክፍት ቢሆኑም ከማያውቁት ሰው ጋር መነጋገሪያ አላቸው። ሮብሎክስ ላይ የወላጅ አካውንት ከፍታችሁ ከልጁ ጋር አያይዙና ከማን ጋር እንደሚያወራ ወስኑ። ዲስኮርድ ላይ ፋሚሊ ሴንተር የሚባለው የወላጅ መከታተያ ከማን ጋር እንደሚጻጻፍ ያሳያችኋል፤ የጻፈውን ግን አያሳይም። ይህን በድብቅ ሳይሆን ልጁ እያየ አድርጉት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብስጭትና መነጫነጭ የሚጠበቅ ነው። የበጋው ረጅም ዕረፍት ላይ ከዋለ ደግሞ ይብሳል።

ደረጃ 5፦ ሌሊቱን አስተካክሉ

ከ14 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ከ5 እስከ 13 ያለው ከ9 እስከ 11 ሰዓት መተኛት አለበት። እንቅልፍ ሳይስተካከል የልጁን ስሜት መመዘን አይቻልም።

1. ቻርጀሮቹን ሁሉ ከመኝታ ክፍል አውጥታችሁ አንድ ቦታ ሰብስቡ። የእናንተም እዚያው ይደር።
2. «ማንቂያዬ ስልኬ ነው» ይላችኋል። ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ቀድማችሁ ገዝታችሁ ጠብቁት።
3. የመሰብሰቢያውን ሰዓት በአንድ ጊዜ አታውርዱ። አሁን እኩለ ሌሊት ከሆነ በየሦስት ቀኑ ግማሽ ሰዓት ቀንሱ።

ስልኩን ከእጁ አትንጠቁ። ንጥቂያ ወደ ትግል ይሄዳል፤ በማግሥቱ የምታወሩት ስለ ትግሉ እንጂ ስለ እንቅልፉ አይሆንም።

ደረጃ 6፦ ተደብቆ ሲገባ ስትደርሱበት

ሁለተኛ አካውንት ብታገኙ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ ይህ ይሁን፦ «አልተቆጣሁም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ እዚያ ውስጥ የሚያስፈራራህ ሰው አለ?»

ምክንያቱም ትልቁ አደጋ ያ ነው። በሴት ልጅ ፎቶ አካውንት ከፍተው ወንድ ልጆችን የራቁት ምስል እንዲልኩ የሚያግባቡ፣ ከዚያ «ገንዘብ አምጣ፣ ካልሆነ ለጓደኞችህ ሁሉ እበትነዋለሁ» የሚሉ ወንጀለኞች አሉ። «ፖሊስ ይመጣብሃል» ወይም «አገር ቤት እልክሃለሁ» የተባለ ልጅ ይህን ለእናቱ አይናገርም፤ ብቻውን ይዞት ይተኛል። እንዲህ ያለው ነገር በሰዓታት ውስጥ ልጅን ወደ ሞት ሐሳብ ሊገፋ ይችላል።

ማስፈራሪያ ካለ፦

1. «ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ አብረን እንወጣዋለን» በሉ። ሌሊቱን ብቻውን አትተዉት።
2. አትክፈሉ። የከፈለ ሰው ድጋሚ ይጠየቃል።
3. የአስፈራሪውን የተጠቃሚ ስም፣ የተጻፈውን ዛቻ፣ የባንክ ቁጥሩን ስክሪንሾት አንሡ። የልጁን የራቁት ምስል ግን ስክሪንሾት አታንሡ፣ ለማንም አትላኩ፤ ለማስረጃ ብላችሁም ቢሆን ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል።
4. መልስ መስጠት አቁሙና ብሎክ አድርጉ። አካውንቱን ግን ሪፖርት ሳታደርጉ አታጥፉት።
5. ለአውስትራሊያ የሕፃናት ብዝበዛ መከላከያ ማዕከል (ኤሲሲሲኢ) በድረ ገጹ አመልክቱ። ምስሉ ከተሠራጨ ኢሴፍቲ ያስነሣል።

ማስፈራሪያ ከሌለ ወደ ደረጃ 1 ወረቀት ተመለሱ። ተደብቆ የገባው ያልተተካ ነገር ስላለ ነው።

ደረጃ 7፦ ከብስጭት ያለፈ ሲሆን

ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ከሆነ ሐኪም ጋ ውሰዱት፦ ይወደው የነበረውን ሁሉ መተው፣ እንቅልፍ ወይም ምግብ መለወጥ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት፣ «ለምንም አልረባም» ማለት፣ በሙቀት ቀን ረጅም እጅጌ ለብሶ ክንድን መሸፈን። እኛ ዘንድ ድብርት በሐዘን ብቻ አይመጣም፤ «ሆዴን ያመኛል»፣ «ራሴን» እያለ ሐኪም ምንም ያላገኘበት ልጅ ሊሆን ይችላል። ቁጣም ሊሆን ይችላል።

ስለ ሞት ፍንጭ ከሰጠ ወይም ከጠረጠራችሁ ዙሪያ ጥምጥም አትሂዱ፦ «እንዲህ ሲከብድሽ ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ ተሸክማው ከነበረ ያቀልላታል።

መልሱ «አዎ» ከሆነ፦

- «ኃጢአት ነው» አትበሉ፣ አትጩኹ፣ ማንንም ስልክ ደውላችሁ አታልቅሱ። «ስለነገርሽኝ ጥሩ አደረግሽ» በሉ።
- እንዴት፣ በምን፣ መቼ ብላ እንዳሰበች ጠይቁ።
- መድኃኒት በሙሉ ይቆለፍ፤ ፓናዶልም። አያት አብረዋችሁ ካሉ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒታቸውን አትርሱ። ስለታም ነገር አንሡ።
- ያሰበችው መንገድና ጊዜ ካለ 000 ደውሉ ወይም ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት፤ ብቻዋን አትተዉ።
- ክኒን ከዋጠች፣ ደህና ብትመስልም፣ ወዲያው 13 11 26 (የመርዝ መረጃ ማዕከል) ደውሉ፤ ከደከመች ወይም ከተንቀጠቀጠች 000። ፓናዶል በመጀመሪያው ቀን ምንም ሳያሳይ ጉበት ይጎዳል።
- አስቸኳይ ካልሆነ ልጁ ራሱ ኪድስ ሄልፕላይን 1800 55 1800 ይደውል፤ ከ5 እስከ 25 ዓመት፣ ነጻ፣ 24 ሰዓት። ለእናንተ የስልክ የምክር መስመሩ ላይፍላይን 13 11 14 አለ።

ደረጃ 8፦ ቀጠሮው

1. ክሊኒክ ስትደውሉ ረጅም ቀጠሮ፣ ለ«ሜንታል ሄልዝ ትሪትመንት ፕላን» (የአእምሮ ጤና ሕክምና ዕቅድ) በሉ። ተራው ቀጠሮ አይበቃም።
2. ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት። እናቱ ፊት «ራሴን እጠላለሁ» ብሎ ራሱ መተርጎም የለበትም። የመንግሥቱ የአስተርጓሚ አገልግሎት ቲአይኤስ ናሽናል 131 450 የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ያገናኛል። የሰፈራችሁ ሰው እንዳይሆን ከፈራችሁ ከሌላ ስቴት እንዲሆን ወይም ሴት እንድትሆን ጠይቁ፤ ስማችሁን ለአስተርጓሚው ለመናገር አትገደዱም።
3. ሐኪሙ ልጁን ለብቻው ላነጋግር ቢል አትቀየሙ። አደጋ ካለ ይነግራችኋል።
4. በፕላኑ ሜዲኬር በዓመት እስከ 10 የግል የሥነ ልቦና ክፍለ ጊዜ ይደጉማል። ቀሪ ክፍያ ስላለ ከመጀመራችሁ በፊት «ጋፑ ስንት ነው?» በሉ።
5. ወረፋው ከረዘመ ከ12 እስከ 25 ዓመት ላሉት ሄድስፔስ የሚባል የወጣቶች የአእምሮ ጤና አገልግሎት አለ፤ ሪፈራል አይጠይቅም፣ ነጻ ወይም ርካሽ ነው። ልጁ ራሱ መደወል ይችላል።

መጀመሪያ ያገኛችሁት ባለሙያ ከልጁ ጋር ካልተስማማ ሌላ ለውጡ። ከሁለት ሦስት ጊዜ በኋላ «አልወደድኩትም» ካለ እመኑት።

ጸሎቱም፣ ጸበሉም፣ ዱዓውም ይቀጥል፤ ቀጠሮውን ግን አይተካም። የተጀመረ መድኃኒት ለጸበል ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ በድንገት ሲቆም ይጎዳል።

16 ሲሞላው

ሳምንት ሲቀረው አብራችሁ ተቀመጡ። የትኞቹን መመለስ እንደሚፈልግ ይምረጥ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን አይክፈት። ኢንስታግራም ላይ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው አካውንት ሲከፈት የተቆለፈ ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት (10pm–7am) ማሳወቂያ ያጠፋል። የ16 ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ ያለ ወላጅ ፈቃድ ሊለውጠው ይችላል፤ ቁጥጥር ካላገናኛችሁ በስተቀር። ስለዚህ ቅንብሩን ከመንካት ይልቅ የትኛውን ለምን እንደሚተወው ራሱ ያስረዳችሁ። ቻርጀሩ ግን ሳሎን እንደሆነ ይቆይ።